ባትሪው በተገለበጠ ጊዜ፦ የትራክተር የኤሌክትሪክ ጉዳት፣ ምርመራውና ጥገናው



 የመረጥሁት ርእስ ለአዳራሽ የማይመጥን፣ ለጋራዥ ግቢ ብቻ የተገባ መስሎ ሊታይ ይችላል። የትራክተር ባትሪ ዋልታዎች ተገላብጠው በሚታሰሩበት ጊዜ ምን እንደሚቃጠል፣ የተቃጠለው በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚጠገን ነው የማስረዳው። ርእሱን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስሕተቱ የአንድ ሰከንድ ሥራ ሲሆን መዘዙ ግን የአንድን ገበሬ የእርሻ ወቅት ሊያበላሽ ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህን ስሕተት እኔው ራሴ ፈጽሜዋለሁ፤ የከፋውም ከስሕተቱ በኋላ ያደረግሁት ነበር።

ታሪኩን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከመግባቴ በፊት በአርሲ የስንዴ አገር በኪራይ የሚያርስ አንድ ትራክተር ላይ የጥገና ሠራተኛ ነበርሁ። ወሩ ሰኔ ነበር። ዝናቡ ገብቶ ስለ ነበር ገበሬዎች መሬቱ ፈጽሞ ጭቃ ሳይሆን ለማሳረስ ተራ ይዘው ይጠብቃሉ። አሮጌው ባትሪ ኃይል መያዝ ስለ ተወ ባለቤቱ አዲስ ገዝቶ ላከ። የአዲሱ ባትሪ ዋልታዎች አቀማመጥ ከአሮጌው ተቃራኒ ነበር፤ በአሮጌው አዎንታዊው በስተቀኝ ሲሆን በአዲሱ በስተግራ ነበር። ገመዶቹ ረጃጅሞች ስለ ሆኑ ወደ ሁለቱም ወገን ይደርሳሉ፤ ማሰሪያዎቹም ከብዙ አገልግሎት የተነሣ ስለ ሰፉ የወፍራሙንና የቀጭኑን ዋልታ ልዩነት አልነገሩኝም። እጄ የለመደውን ስፍራ ተከተለ እንጂ ዓይኔ ምልክቱን አላነበበም።

ሁለተኛውን ገመድ ሳስነካ ብልጭታው ዓይኔን አጨለመብኝ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታም መጣ። ገመዱን አላቅቄ ዙሪያዬን ተመለከትሁ። ያየኝ ሰው አልነበረም። ገመዶቹን በትክክል አስሬ ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ተነሣ፤ ቀኑንም ሙሉ ሲያርስ ዋለ። በማግሥቱ ማለዳ ግን ባትሪው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱም «መብራት አብርቶ አሳድሮ ነው» ብሎ የሾፌሩን ረዳት ከሥራ አሰናበተው። እኔ ቆሜ ሰማሁ፤ አንዲት ቃልም አልተናገርሁም።

ወደዚህ ታሪክ እመለሳለሁ። አሁን ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ምን እንደ ተፈጸመ እንመልከት።

በመጀመሪያ የሚቃጠለው ለምን እርሱ ይሆናል?

የትራክተር ባትሪ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው ይባላል። በውስጡ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ያህል የሚሰጡ 6 ክፍሎች በተከታታይ ስለ ተያያዙ፣ በሚገባ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ግፊቱ ለሰው ገላ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ባትሪው በውስጡ ለጅረት ያለው ተቃውሞ እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። መንገድ ካገኘ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያለ ማመንታት ይለቅቃል።

ይህን መንገድ የሚከፍትለት አልተርኔተሩ ነው። አልተርኔተር የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ጅረት ነው፤ ባትሪ ደግሞ የሚቀበለው ቀጥተኛ ጅረት ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ብዙውን ጊዜ 6 ዋና ዳዮዶች ይቆማሉ። ዳዮድ ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። ባትሪው በትክክል ሲታሰር እነዚህ በሮች ለባትሪው ጅረት ዝግ ናቸው፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ባትሪው በአልተርኔተሩ በኩል እንዳይፈስስ የሚጠብቁትም እነርሱ ናቸው። ባትሪው ሲገለበጥ ግን ሁሉም በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ሁለት ሁለት ሆነው በተከታታይ የቆሙት ዳዮዶች ከባትሪው አንዱን ዋልታ ከሌላው ጋር በቀጥታ ያገናኛሉ።

በቁጥር እናስበው። በዚያ ኃይለኛ ጅረት ሁለቱ ዳዮዶች 2 ቮልት ያህል ይዘው ይቀራሉ እንበል። የባትሪውና የገመዶቹ ተቃውሞ ተደምሮ 0.02 ኦም ቢሆን፣ የቀረው 10 ቮልት 500 አምፔር ያስነዳል። አልተርኔተሩ ግን በሥራው የሚሰጠው ጥቂት ዐሥር አምፔሮችን ነው። ስለዚህ ዳዮዶቹ ዓይን እስኪጨፈን በማይሞላ ጊዜ ይቀልጣሉ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቁልፉ አልዞረም። በብዙ ትራክተሮች ከአልተርኔተሩ የሚነሣው ወፍራም ገመድ የሞተሩን ማስነሻ ቁልፍ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይደርሳል፤ በአሮጌዎቹም ላይ ብዙ ጊዜ ፊውዝ የለውም። «ቁልፉን ስላላዞርሁ ምንም አልደረሰም» የሚል ሰው ተሳስቷል። በአንጻሩ በዚህ ገመድ ላይ ዋና ፊውዝ ካለና እርሱ ተቀድሞ ከተቃጠለ፣ ጉዳቱ በዚያው ሊቆም ይችላል።

ሁሉም ነገር ግን አይቃጠልም። ተራ የክር አምፖል ጅረቱ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ያው ይበራል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩን የሚያሞቁት ክሮችም እንዲሁ ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ሞተሪኖው ነው። በብዙ አሮጌ ትራክተሮች የሞተሪኖው የመስክ ጥቅልልና የሚሽከረከረው ጥቅልል በተከታታይ የተያያዙ ናቸው። ዋልታው ሲገለበጥ በሁለቱም ያለው ጅረት አብሮ ስለሚገለበጥ፣ ሞተሪኖው ወደ ለመደው አቅጣጫ ይዞራል። በቋሚ ማግኔት የሚሠራው ዓይነት ብቻ ነው ወደ ኋላ የሚዞረው። እንግዲህ «ሞተሪኖው በትክክል ዞሯልና ባትሪው በትክክል ታስሯል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። በአንጻሩ በመሐሉ ዜሮ ያለበት የአምፔር መለኪያ በዳሽቦርድ ላይ ካለ እውነቱን ይናገራል፤ ሞተሩ ቆሞ መብራት ሲበራ መርፌው ወደ መሙያው ወገን ካዘነበለ ባትሪው ተገልብጧል።

ሁለተኛው ጉዳት

አሁን ወደ አርሲው ትራክተር ልመለስ። ባለቤቱ በሁለተኛው ቀን አንድ አዛውንት መካኒክ አስመጣ። እኒህ ሰው መሣሪያ ከማውጣታቸው በፊት፣ «ይህን ባትሪ ያሰረው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልሁ፤ ሌላ ግን አልጨመርሁም። እርሳቸው የተሞላ ባትሪ በትክክል አስረው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ከዚያም መዳፋቸውን አልተርኔተሩ ላይ አሳረፉና እጄን ይዘው በዚያው አኖሩት። ሞተሩ ሳይነሣ አልተርኔተሩ ሞቆ ነበር። «ልጄ፣ የማይሠራ ነገር ለምን ይሞቃል?» አሉኝ።

መልሱ ይህ ነበር። በብልጭታዋ ጊዜ ዳዮዶቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት አልተበላሹም። አንዱ በአዎንታዊው ወገን ፈጽሞ ሾርት ሆኗል፤ በአሉታዊው ወገን ያለ ሌላው ደግሞ በከፊል የሚያፈስስ ሆኗል። በአንደኛው ብቻ ቢሆን ባትሪው ባላለቀ ነበር፤ ከማዶ ያሉት ደኅና ዳዮዶች መንገዱን ይዘጉት ነበርና። ሁለቱ በተቃራኒ ወገን በመጎዳታቸው ግን ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ በመዳቡ ጥቅልል ውስጥ ሲፈስስ አደረ። ረዳቱ መብራት አላሳደረም፤ መብራቱን ያሳደርሁት እኔ ነበርሁ ማለት ይቻላል።

ከዚህ የምንማረው፣ የተገለበጠ ባትሪ ሁለት ጉዳት እንዳለው ነው። የመጀመሪያው በብልጭታዋ ሰከንድ የሚደርሰው ነው። ሁለተኛው፣ ሰው ደንግጦ ገመዱን አስተካክሎ ያለ ምርመራ ሥራውን ሲቀጥል የሚደርሰው ነው። የተበላሹ ዳዮዶች ባሉበት ባትሪውን በትክክል ማሰር ጥገና አይደለም፤ ለጥቅልሉ መቃጠልና ለእሳት አደጋ በር መክፈት ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በቤተ ሙከራችን የማስተምረውን ቅደም ተከተል እነሆ። የሚያስፈልገው አንድ መልቲሜትርና አንድ የፍሬን መብራት አምፖል ነው።

አንደኛ፣ ባትሪውን ለዩ። ከአካሉ ጋር የታሰረውን ገመድ አስቀድማችሁ ፍቱ፤ በዛሬዎቹ ትራክተሮች ይህ አሉታዊው ነው። ምክንያቱም ሌላውን ስትፈቱ ቁልፋችሁ የትራክተሩን አካል ቢነካ እንኳ ጅረት መንገድ አያገኝም። ባትሪ በተለይ ሲሞላ ተቀጣጣይ የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ እሳትና ብልጭታ አይኑር፤ ዓይናችሁንም በመነጽር ጠብቁ። አሲድ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ሳያቋርጡ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ታሪኩን ጠይቁ፤ ጻፉም። ማን አሰረው፣ ምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ቁልፉ ዞሮ ነበር ወይ፣ ጭስ ከየት ወጣ? ከሌላ መኪና በኬብል ኃይል ሲበደር የተገለበጠ ከሆነ ጉዳዩ የባሰ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች ተከታታይ ሆነው 25 ቮልት ያህል በኬብሉ ውስጥ ስለሚነዱ፣ ኬብሉም ባትሪዎቹም የሌላው መኪና አልተርኔተርም መመርመር አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ባትሪውን ለኩ። ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ ከ12 በታች ባዶ ሊባል የሚችል ነው። የመለኪያው ምልክትም ዋልታው በእርግጥ የትኛው እንደ ሆነ ያረጋግጣል። ቀለምን አትመኑ፤ የተቀየረ ገመድ ቀለሙ ሊዋሽ ይችላል።

አራተኛ፣ ዋናውን ፊውዝና ወፍራሞቹን ገመዶች ተመልከቱ። ሽፋኑ የለሰለሰ፣ ያበጠ ወይም የጠቆረ ገመድ ውስጡ ቢያስተላልፍም መቀየር አለበት። የተቃጠለ ፊውዝ ስታገኙ ወዲያው ሌላ አትተኩ፤ ምክንያቱ ገና አልታወቀምና። በሽቦ መተካት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

አምስተኛ፣ አልተርኔተሩን ፈትኑ። ወፍራሙን ገመድ ከአልተርኔተሩ ፍቱና መልቲሜትሩን በዳዮድ መፈተሻው ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ በአልተርኔተሩ አካል፣ ጥቁሩን በመውጫው ዋልታ ላይ ስታኖሩ፣ ሁለት ዳዮዶች በተከታታይ ስላሉ ከ0.8 እስከ 1 ቮልት ገደማ ይነበባል፤ ጫፎቹን ስታለዋውጡ ምንም መተላለፍ የለበትም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካሳየ ሾርት አለ። የመጀመሪያው ንባብ በግማሽ ከቀነሰ ደግሞ ከሁለቱ ዳዮዶች አንዱ ሞቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ይህን ግማሽ ንባብ «ደኅና ነው» ብለው ያልፉታል። በዚህ ጊዜ አልተርኔተሩን ከፍቶ የጥቅልሉን ጫፎች ከዳዮዶቹ አላቅቆ እያንዳንዱን ለብቻው መፈተን ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ ባትሪውን በአምፖል በኩል መልሱ። አሉታዊውን ገመድ በቀጥታ ከማሰር ይልቅ በገመዱና በዋልታው መካከል ባለ 21 ዋት አምፖል አግቡ። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ እንዳያልፍ ይገድባል። ሁሉም ማብሪያዎች ጠፍተው ሳለ አምፖሉ በድምቀት ከበራ ሾርቱ ገና አለ፤ ነገር ግን ምንም አይቃጠልም። አሁን ፊውዞችን አንድ በአንድ በመንቀል አምፖሉን የሚያጠፋውን መስመር መፈለግ ነው። አምፖሉ ከጠፋ ገመዱን በቀጥታ እሰሩ። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱን ብቻ ትዝ ሊላችሁ ቢገባ ይህ ይሁን፤ ዋጋው የአንድ አምፖል ነውና።

ሰባተኛ፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ ለኩ። በመካከለኛ ፍጥነት በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ከተነበበ መሙላቱ ደኅና ነው። ቀጥሎ መልቲሜትሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት አዙሩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከተነበበ አንድ ዳዮድ አሁንም ሥራውን አልሠራም። በአንዳንድ ጋራዦች እንደሚደረገው ግን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅላችሁ አልተርኔተሩን «አትፈትኑ»። ባትሪው በድንገት ሲለይ ግፊቱ ወደ ብዙ ዐሥር ቮልት ሊዘል ይችላል፤ የተረፈውን ሬጉሌተርና ኤሌክትሮኒክስ የሚገድለውም እርሱ ነው።

ስለ ጥገናው ራሱ ብዙ የምለው የለም። የሞቱት ዳዮዶች ብቻ ከሆኑ፣ ዳዮዶቹ የተሰኩበትን ሳህን መለወጥ እንጂ አልተርኔተሩን በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ሬጉሌተሩ አብሮ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይፈተን። አንድ አንድ ዳዮድ የሚተካ ሰው የአዎንታዊውና የአሉታዊው ወገን ዳዮዶች አቅጣጫቸው የተለያየ መሆኑን ይወቅ፤ ሲበይድም ሙቀቱ በፍጥነት ይሁን፤ ዳዮድ በብየዳ ሙቀትም ይሞታል። የኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ያላቸው አዳዲስ ትራክተሮች ላይ ደግሞ በመቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ የሚቆም መከላከያ ዳዮድ ሊኖር ይችላል። ይህ መከላከያ ራሱን ሠውቶ ፊውዙን የሚያቃጥል ስለ ሆነ፣ መቆጣጠሪያው ሞቷል ተብሎ ከመፈረዱ በፊት ምግቡና ፊውዞቹ ይፈተሹ።

ስለ አሮጌዎቹ ትራክተሮች

በጋራዦቻችን አልተርኔተሩም የድሮው ቀጥተኛ ጅረት አመንጪም በአንድ ስም «ዲናሞ» ይባላሉ። ይህ የስም አንድነት ጥፋት ያስከትላል። እውነተኛው የድሮ ዲናሞ ዳዮድ የለውም፤ ባትሪ ቢገለበጥበት በብረቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ማግኔትነት አቅጣጫው ሊለወጥ ይችላል እንጂ እንደ አልተርኔተር ወዲያው አይቃጠልም። ከዚያ በኋላ ባትሪው በትክክል ቢታሰርም ዲናሞው ተገልብጦ ስለሚያመነጭ፣ የመስኩን ጥቅልል ለቅጽበት ከባትሪው በማስነካት ማግኔትነቱን ወደ ቦታው መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ በአልተርኔተር ላይ የሚሞክር ሰው ግን ያጠፋዋል።

ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የተመረተው ፈርጉሰን ቲኢ 20 ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያስረው አዎንታዊውን ዋልታ ነበር። በእርሱ ላይ የተማረ እጅ በዛሬው ትራክተር ላይ ትክክል መስሎት ይሳሳታል። ስለዚህ «አሉታዊው ሁልጊዜ ከአካሉ ጋር ነው» ብላችሁ አትሸምድዱ፤ የትራክተሩን መመሪያና በአልተርኔተሩ ወይም በዲናሞው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

መከላከሉ

መከላከሉ ቀላል ነው። አዲስ ባትሪ ሲገዛ የዋልታዎቹ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። የገመዶቹ ርዝመት ወደ ራሳቸው ዋልታ ብቻ የሚደርስ ይሁን። የሰፉ ማሰሪያዎች ይለወጡ፤ አዎንታዊው ዋልታ ከአሉታዊው ወፍራም የተደረገው ለዚሁ ነውና። ከአልተርኔተሩ በሚነሣው ወፍራም ገመድ ላይ ተገቢው ፊውዝ ይግባ። እነዚህ አራቱ በዚያ ትራክተር ላይ ቢሟሉ ኖሮ የእኔ ችኮላ ምንም ባላደረሰ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የምርመራው ሁለተኛ እርምጃ፣ ማለትም ታሪኩን መጠየቅ ይቀድማል። በዚያች ቀን ብናገር ኖሮ አዛውንቱ መካኒክ ገና ሲመጡ ወደ ዳዮዶቹ ይሄዱ ነበር። እኔ ዝም በማለቴ መጀመሪያ የመብራቱን መስመር ሁሉ ሲፈትሹ ግማሽ ቀን አለፈ፤ ተራ ይዘው የነበሩ ገበሬዎችም በሬ ፍለጋ ሄዱ። መዳፌ በሞቀው አልተርኔተር ላይ ሳለ ነበር የተናገርሁት። ባለቤቱ ተቆጣ፤ ከዚያም ረዳቱን እንዲጠሩለት ሰው ላከ። ረዳቱ ግን በሌላ ወረዳ ሥራ ይዞ ነበርና አልተመለሰም። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌው አላገኘሁትም።

መምህር ከሆንሁ በኋላ በቤተ ሙከራዬ አንድ ሥርዓት አኑሬአለሁ። በር ላይ መዝገብ ተሰቅሏል። ያቃጠለ ተማሪ ምን እንዳቃጠለና እንዴት እንዳቃጠለ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ በጻፈው ነጥብ አይቀነስበትም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ቸልተኝነትን ያበረታታል ይላሉ፤ ክርክራቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ቅጣት የሚፈራ ሰው ገመዱን አስተካክሎ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ጉዳት ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ በማለዳም ሌላ ሰው ይከሰስበታል። በዚያ መዝገብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፈረው የእኔው የሰኔ ወር ስሕተት ነው።